ቤንዚኑ ነው የተወደደው ወይስ መንገዱ?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ በዚህ ሰሌዳ ተለጥፏል።)



ዛሬ የሰበሰብናችሁ ስለ መዋጮ አይደለም፤ አትደንግጡ። ስለ ቤንዚን ነው። ባለፈው የገበያ ቀን ባጃጅ መቆሚያው ላይ የሆነውን አብዛኞቻችሁ አይታችኋል። አንዲት እናታችን ማሽላቸውን ጭነው ከወረዱ በኋላ ልጁ ከተስማሙበት በላይ ጠየቃቸው። «ቤንዚን ጨምሯል እማማ» አላቸው። እሳቸውም «ትናንትም ጨምሯል ብለኸኝ ነበር፤ በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚጨምረው?» አሉት። ነገሩ ወደ ስድብ፣ ከስድብም ወደ ድንጋይ ሊሄድ ሲል ሰው ገላገለ። ከኮሚቴው ሁለታችን እዚያው ነበርንና አፈርን። የተጣሉት እኮ ባዕዳን አይደሉም፤ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤታሞች ናቸው።

ስለዚህ ኮሚቴው ከሾፌሮቹ ጋር ደብተር ይዞ ሁለት ማታ ተቀመጠ። የጠየቅነው አንድ ነገር ነው፤ ቤንዚን በእውነት ውድ ነው ወይ? ውድ ከሆነስ ውድ ያደረገው ማነው?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ሲነሣ የአንድ በርሜል ድፍድፍ ዋጋ ከ3 ዶላር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 12 ዶላር ገደማ ደረሰ። መንግሥትም ቤንዚን ላይ 50 በመቶ ጨመረ። የካቲት 11 ቀን 1966 የአዲስ አበባ ታክሲዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም በዚያው ዕለት አድማ መቱ። መንግሥት ከጭማሪው ቀነስ ቢያደርግም ነገሩ አልበረደም፤ በመስከረም 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ቤንዚን ብቻውን ንጉሥ አወረደ አንልም፤ የወሎው ረሃብም ነበር፣ የወታደሩም እሮሮ ነበር። ግን ክብሪቱን ከጫሩት አንዱ የታክሲ ታሪፍ መሆኑን ማንም አይክድም።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ደግሞ ከመካከላችሁ ዕድሜ የጠገባችሁ ታስታውሱታላችሁ። ነዳጅ በራሽን ሆነ፤ እሑድ መኪና እንዳይነዳ የታገደበትም ጊዜ ነበር። የተጻፈው ዋጋ ያስደስታል፤ ዕቃው ግን የለም። ይህችን ነገር ያዙልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

አሁን ወደ እኛ ዘመን። በ2014 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ መንግሥት ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሣት ሲጀምር የአዲስ አበባ የቤንዚን ዋጋ በአንድ ጊዜ ከ36 ብር ከ87 ሳንቲም ወደ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ወጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 ብር በላይ ገባ። ነዳጁን በሙሉ ተጣርቶ ያለቀለትን በዶላር ከውጭ የምንገዛ ነንና ማደያውም ተከተለው። በ2017 መስከረም መጨረሻ 91 ብር ከ14፣ በጥር መግቢያ 101 ብር ከ47፣ ዓመቱ ሳያልቅ ደግሞ 120 ብርን አለፈ። በሦስት ዓመት ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው።

ታዲያ ውድ ነው? በሌላው አገር ሚዛን ከተመዘነ አይደለም፤ ይህን ስንል እንዳትቆጡን። በጥር 2017 የነበረው 101 ብር በጊዜው ምንዛሪ አንድ ዶላር አይሞላም ነበር። ኬንያ ውስጥ ግን አንድ ሊትር ከአንድ ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። የእኛ ነዳጅ በኮንትሮባንድ ድንበር ተሻግሮ ይወጣል እየተባለ የሚወራውም ለዚህ ነው፤ ማንም ውድ ዕቃ ተሸክሞ ርካሽ ወዳለበት አይሄድም።

በእኛ ኪስ ሚዛን ደግሞ እንመዝነው። በ2017 የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ሲሻሻል ዝቅተኛው ደረጃ 4 ሺህ 760 ብር ሆነ። በጥሩ ዋጋ ቢቆጠር የወር ልፋት 47 ሊትር ቤንዚን ነው፤ ለቀን ሲካፈል አንድ ሊትር ተኩል። ደመወዝ የሌለው፣ ዝናብ ጠብቆ ማሽላና ማሾ የሚሸጠው ገበሬያችንማ ምኑ ይቆጠራል? ስለዚህ ሁለቱም እውነት ነው፤ ቤንዚኑ በዶላር ርካሽ ነው፣ በላባችን ውድ ነው። ሊትሩ የረዘመብን የእኛ ክንድ አጥሮ ነው።

ግን እኛን ያጣላን ይህ አይደለም። ደብተሩን ስንገልጥ ያየነውን እንንገራችሁ።

በዳገትና ቁልቁለት መንገዳችን አንድ ባጃጅ በአንድ ሊትር 20 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል፤ ሾፌሮቹም በዚህ ተስማምተዋል። ሦስት ሰው ይጭናል እንበል (አራትና አምስት የሚጭነውን ለጊዜው እንተወው፤ እሱ ራሱን የቻለ ስብሰባ ይፈልጋል)። በጥሩ የማደያ ዋጋ ለ10 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር፣ ማለትም 51 ብር ገደማ ይቃጠላል። ለሦስት ሲካፈል በሰው 17 ብር ነው። ሾፌሩ «ባዶዬን ነው የምመለሰው» ካለ፣ እውነቱን ነው፣ እጥፍ አድርጉለት፤ 34 ብር።

አሁን ጭማሪውን ብቻ ነጥለን እንይ። ከ91 ወደ 101 ሲወጣ በሊትር የጨመረው 10 ብር ከ33 ሳንቲም ነው። በዚያው ስሌት በአንድ ሰው ላይ የሚያርፈው 1 ብር ከ72 ሳንቲም ብቻ ነው! ባዶ መመለሱ ቢታሰብ እንኳ 3 ብር ከ44። ታዲያ በዚያ ሰሞን ስንት ጨምራችሁ ከፈላችሁ? እያንዳንዱ ራሱን ይጠይቅ።

ይህን ስናነብ አንደኛው ሾፌር ደብተሩን ከእጃችን ተቀበለና «የማደያ ዋጋ ማን አገኘና?» አለን። ልክ ነው። ከመካከላችን በሃይላንድ ቤንዚን ገዝቶ የማያውቅ እጁን ያውጣ። አንድም የለም። ከ2015 ማለቂያ ወዲህ በክልላችን ግጭት ተነሥቶ መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ማደያው «አልቋል» ሲል፣ ጀሪካን የያዘው ሰው ግን ሁልጊዜ አለው። እጥፍ የተከፈለበት ጊዜ አለ። እጥፍ ማለት በዚያው በ10 ኪሎ ሜትር መንገድ በሰው ላይ 17 ብር ተጨማሪ ነው፤ ባዶ ከተመለሰ 34። እንግዲህ አስተያዩት፤ አዲስ አበባ ላይ ሲታወጅ ሬዲዮ ከፍተን የምንማረርበት ጭማሪ 1 ብር ከ72 ሳንቲም፤ ዝም ብለን ከሰው ጓሮ የምንቀዳው ጭማሪ 17 ብር። በራሽኑ ዘመንም እንዲሁ ነበር ያልነው ይህንን ነው። የተጻፈው ዋጋና የሚገኘው ዋጋ ሲለያዩ የምንከፍለው ሁለተኛውን ነው።

አያቶቻችን ይህን ከእኛ በተሻለ ያውቁት ነበር። አሊዩ አምባ የነጋዴ አገር ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ የሚነሣው የግመል ሲራራ በረሃውን አቋርጦ እዚህ ይደርስ ነበር፤ በ1833 ዓ.ም. ሐሪስ የተባለው የእንግሊዝ መልእክተኛ ወደ አንኮበር የመጣው በዚሁ በኩል ነው። አሞሌ ጨው እንኳ ከተቆረጠበት ከአፋር ሜዳ በራቀ ቁጥር በአንድ ማርትሬዛ ብር የሚገኘው ፍሬ እያነሰ ይሄድ ነበር። ጨው አይደለም የሚወደደው፤ መንገዱ ነው። የዛሬው ነዳጅም ከጅቡቲ ነው የሚመጣው፤ ጅቡቲና ታጁራ የአንድ ባሕረ ሰላጤ ሁለት ዳሮች ናቸው። ቦቴው በሚሌና በአዋሽ በኩል ከቆላችን ፊት ለፊት ባለው በረሃ ያልፋል። እኛ ጋ የሚደርሰው ግን ዞሮ፣ ደጋ ወጥቶ፣ እጅ በእጅ ሲቀባበሉት ነው። ግመሉ በቀጥታ ይመጣ ነበር፤ ይህን ስንል እየቀለድን ነው፣ ግን ብዙም አይደለም።

ለሾፌሮቹም ፍርድ እንስጥ። ጎማው፣ ካንዴላው፣ ዘይቱ ሁሉ በዶላር የሚመጣ ነው፤ ምንዛሪው ከተለቀቀ ወዲህ ያልጨመረ የለም። ማደያ ወርደው ሌሊቱን ተሰልፈው ያድራሉ፤ የዚያ ቀን ሥራ የለም። ከግንቦት 2015 ወዲህ በስልክ ካልተከፈለ ነዳጅ አይቀዳም፣ ኔትወርክ ከሌለም ቆሞ መጠበቅ ነው። ይህ ሁሉ ወጪ ነው። የምንቃወመው ወጪው ሁሉ «ቤንዚን» በሚል አንድ ቃል ተጠቅልሎ እንዲከፈል መጠየቁን ነው። ዘይት ከሆነ ዘይት ይባል፤ ወረፋ ከሆነም ወረፋ።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ከዋጋው ይበልጥ የሚያስፈራን እሱ ነው። አትርፈን እንሸጣለን፣ ወይም ለክፉ ቀን እናስቀምጣለን እየተባለ ስንት ቤት ጀሪካን ገብቷል? ቤንዚን እንደ ላምባ አይደለም። ሽታው ራሱ ይቀጣጠላል፤ ምድጃው ከጀሪካኑ ራቅ ስላለ አይታመንም፤ ትነቱ ከአየር ይከብዳልና መሬት ለመሬት ተስቦ እሳቱን ይደርስበታል። ላምባ ነው ብሎ ወደ ኩራዝ የቀላቀለውም ቤቱን ያነዳል። በጭድና በእንጨት መካከል ተኝተን ልጆቻችንን አጠገቡ እያስተኛን ነው። ከዛሬ ጀምሮ በመኖሪያ ክፍል ውስጥ ጀሪካን እንዳይቀመጥ ኮሚቴው በየቤቱ እየዞረ ይነግራል፤ ደጃችሁን ስናንኳኳ አትቀየሙን።

ከሾፌሮቹ ጋር የተስማማነው ይህ ነው። ከማደያ የተቀዳበት ቀን ሾፌሩ የስልኩን መልእክት ለጠየቀው ያሳያል፣ በማደያ ዋጋ በተሠራው ታሪፍም ያስከፍላል። ከጀሪካን የተገዛበት ቀን ከመሳፈራችሁ በፊት ይናገራል፤ ሰው ሳያውቅ ተሳፍሮ ሲወርድ ዋጋ አይሰማም። የሁለቱም ታሪፍ በዚህ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ይለጠፋል፤ የማደያው ዋጋ በተለወጠ ቁጥር ደብተሩን ገልጠን እንደገና እናሰላዋለን። ምጥ የያዛት እናት በሌሊት ስትወሰድ ግን ዋጋ አይጠየቅም፤ ሾፌሩ ያደርሳታል፣ ማኅበሩ በማግሥቱ ሊትሩን ይተካለታል። ለዚህ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ከማኅበሩ ካዝና ተነሥቷል። አይበቃም፤ ስለ መዋጮ አይደለም ብለን የጀመርነው ንግግር እዚህ ላይ ትንሽ ዋሽቷል።

ደብተሩ ጸሐፊው ዘንድ ነው። ስሌቱ ተሳስቷል የሚል ከገበያ በኋላ መጥቶ ያሳየን፤ እርሳስ አለን።