የዋሻን ግድግዳ ሳያፈርሱ ስለ መመርመር

(በትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ በዓል ላይ በተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዲላ ገበያ ገንቦ የምትገዛ እናት ገንዘቧን ከመክፈሏ በፊት በጣቷ ኳ ኳ ታደርገዋለች። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ትገዛዋለች፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ግን ዐይን ያላየው ስንጥቅ አለበትና ትተወዋለች። ገንቦውን ሳትሰብር የውስጡን አወቀች ማለት ነው። ዛሬ የምናገረው መሐንዲሶች ይህንኑ ብልሃት ለዋሻ እንዴት እንደሚሠሩበት ነው።

አገራችን ተራራማ በመሆኗ ዋሻ ያስፈልጋታል። በደብረ ሲና አጠገብ ያለው የጣርማ በር የመኪና ዋሻ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቆፈረ ነው። ከግልገል ጊቤ ወደ ኦሞ ሸለቆ ውኃ የሚያወርደው የጊቤ 2 ዋሻ ደግሞ 26 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ይህ ዋሻ በጥር 2002 ዓ.ም. ተመርቆ ሁለት ሳምንት ያህል እንደ ሠራ በውስጡ ድንጋይ ተደርምሶ ሥራው ቆመ፤ ተጠግኖ እንደገና የጀመረውም በ2003 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ዋሻ ሲያዩት ደኅና መስሎ ከውስጥ ሊታመም ይችላል። ሕመሙን ለማወቅ ግድግዳውን ሁሉ እያፈረሱ ማየት ግን ራሱ ሌላ ጉዳት ነው።

ስለዚህ ሳያፈርሱ የሚመረምሩባቸው መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው መዶሻ ነው፤ ኮንክሪቱ ከአለቱ ከተላቀቀ ድምፁ ይለወጣል። ሁለተኛው ጆሮ የማይሰማው ረቂቅ ድምፅ ነው፤ በጠንካራ ኮንክሪት ውስጥ በሰከንድ 4 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዘው ድምፅ ስንጥቅ ሲያጋጥመው ይዘገያል። ሦስተኛው ራዳር ነው፤ የሬዲዮ ሞገድ ወደ ግድግዳው ልኮ፣ ከተመለሰው ሞገድ ብረቱ ያለበትን ቦታና ክፍተቱን ያሳያል። አራተኛው ሙቀትን የሚያይ ካሜራ ነው፤ ውኃ የሰረገበት ቦታ ሙቀቱ ከአካባቢው ስለሚለይ ይታወቃል። ነገር ግን ራዳር በእርጥብ ግድግዳ ውስጥ ርቆ ስለማያይ፣ የአንዱን ጉድለት በሌላው መሙላት ያሻል። ጥርጣሬ የቀረበት ቦታ ብቻ በጥቂቱ ተበስቶ ይታያል።

መሣሪያ ቢኖርም ትጉህ ሰው ከሌለ ከንቱ ነው። በጃፓን አገር የሳሳጎ የመኪና ዋሻ ጣራ በኅዳር 2005 ዓ.ም. ወድቆ 9 ሰዎች ሞቱ። በኋላ ሲጣራ፣ ጣራውን ከላይ የያዙት ብሎኖች ለ12 ዓመት በመዶሻ ተመትተው አለመመርመራቸው ታወቀ። በዕውቀት የላቀች አገር በአንድ መዶሻ ስንፍና ልጆቿን አጣች።

እኛ በጌዴኦ ባለን የቱቱ ፈላ ትክል ድንጋዮች እንኮራለን። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከተጻፈ ወዲህ ኃላፊነታችን ጨምሯል። ትክል ድንጋይ እንደ ዋሻ ግድግዳ እንኳ ተበስቶ ሊታይ አይገባውም፤ በረቂቅ ድምፅ ግን ስንጥቁን ማወቅ ይቻላል።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ስለ ድምፅና ስለ ሞገድ የምንማረውን ፊዚክስ ለፈተና ብቻ አንማረው። ነገ ከመካከላችን መዶሻውን ይዞ የሚያዳምጥ፣ የሰማውንም ሳይደብቅ የሚናገር መሐንዲስ ይውጣ።