ሸክምና ዝለት በነርስነት ሙያ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




እኔ በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ። በነርሶች ፊት ስለ ነርስነት ለመናገር መነሣቴ ድፍረት ቢመስልም ምክንያት አለኝ፤ ባለቤቴ ነርስ ናት። ቀድሞ ከሌሊት ተራዋ ስትመለስ የሕሙማኗን ስም እያነሣች ሁኔታቸውን ታጫውተኝ ነበር። ከጊዜ በኋላ በስም ፈንታ የአልጋ ቁጥር ብቻ ትጠቅስ ጀመር፤ በመጨረሻም ጨርሶ ዝም አለች። እኔም ልቧ የደነደነ መስሎኝ ወቀስኋት። በዚህ እስከ ዛሬ እጸጸታለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ፣ ይህን ዝለት ከሥራ ጋር የተያያዘ ክሥተት እንጂ በሽታ አይለውም። መነሻው በአግባቡ ያልተያዘ፣ የማያቋርጥ የሥራ ጫና ነው። ምልክቶቹም ሦስት ናቸው፤ ይኸውም የኀይል መሟጠጥ፣ በሐሳብ ከሥራው መራቅ ወይም ሥራውን መጥላት፣ እንዲሁም የሥራ ውጤት መቀነስ ናቸው። የአልጋ ቁጥሩ ነገር ሁለተኛው ምልክት እንደ ነበረ የገባኝ ይህን ካነበብሁ በኋላ ነው።

በእኛ ሙያ ምሰሶ ሲሰነጠቅ በቅድሚያ የሚጠየቀው የተጫነበት ክብደት ነው። ነርሷ ስትዝል ግን «ታገሺ፣ ጠንክሪ» ትባላለች። የእርሷም ሸክም ሊለካ የሚችል ነው። በአሜሪካ ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቿ በፔንሲልቬንያ ሆስፒታሎች አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ለአንድ ነርስ አንድ ሕመምተኛ በተጨመረ ቁጥር የነርሷ የመዛል ዕድል በ23 በመቶ፣ በቀዶ ሕክምና የታከሙት ሕሙማን የመሞት ዕድል ደግሞ በ7 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ስለሆነም የነርስ ዝለት የሕመምተኛም ጉዳይ ነው። የካሊፎርንያ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1999 ሕግ አውጥቶ፣ ከ2004 ጀምሮ ለአንድ ነርስ የሚመደቡትን ሕሙማን ቁጥር ወስኗል።

እርግጥ ነው፣ የነርሶች ቁጥር በአንድ ቀን አይጨምርም። ሆኖም በየተራው ለአንዲት ነርስ ስንት ሕሙማን እንደ ደረሱ መመዝገብ፣ የምግብና የዕረፍት ሰዓትን ማስከበር፣ ከባዱን ክፍል በየተራ መያዝ፣ ሕመምተኛ ባረፈ ጊዜም ጥቂት ደቂቃ አብሮ ተቀምጦ መነጋገር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለምን?

ማኅበራችሁ ከሁሉ አስቀድሞ መዝገቡን እንዲጀምር አደራ እላለሁ፤ ያልተለካ ሸክም ይቀነስልን ቢባል ሰሚ አያገኝምና። ቤት ለምንጠብቃችሁም ወገኖች አንድ ቃል አለኝ፤ ዝም ስትሉ ከመውቀሳችን በፊት፣ ዛሬ ስንት ሰው እንደ ተሸከማችሁ እንጠይቅ።