ልጆች ከትንሽነታቸው ስፖርት ይልመዱ

(በግሽ አባይ ለወላጆችና ለወጣቶች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ጨዋታ ነው። «ደግሞ ጨዋታ ምን ንግግር ያስፈልገዋል?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። በየቤታችሁ ልጅ አለ። ያ ልጅ ከትምህርት ቤት ወጥቶ እስኪመሽ ድረስ ምን ሲያደርግ ይቆያል? ወንዱስ ምን ያደርጋል? ሴቷስ?

ቤት ለቤት ስንዞር ብዙ ጊዜ የሰማነው፣ «ኳስ ልጅ ያባልጋል፤ ጫማ ይጨርሳል፤ ከደብተሩ ያርቀዋል» የሚል ነው። የሚገርመው ግን፣ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. እዚሁ ባሕር ዳር ስታዲየም የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ሲረታ ያልተደሰተ አባት አልነበረም። ለሰው ልጅ እናጨበጭባለን፤ የራሳችን ልጅ የካልሲ ኳስ ጠቅልሎ ብቅ ሲል እንቆጣለን። እንግዲህ ያ አሥራ አንዱ ተጫዋች ከሰማይ የወረደ ይመስላችኋል?

አንድ አባት ደግሞ፣ «ልጄ ውኃ ሲቀዳ፣ እንጨት ሲሸከም፣ ከብት ሲመልስ ይውላል፤ ከዚህ በላይ ምን ስፖርት አለ?» ብለውናል። ይህ የዋዛ አነጋገር አይደለም፤ መልስ ይገባዋል።

ሥራ ሰውነትን እንደሚያጠነክር አንክድም። ኃይሌ ገብረሥላሴ በአሰላ አካባቢ ሲያድግ ትምህርት ቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቀው ስለነበረ ደብተሩን ይዞ እየሮጠ ይመላለስ ነበር። አድጎ በዓለም መድረክ ሲሮጥ እንኳ ግራ ክንዱ ደብተር እንደያዘ ሰው እጥፍ ብሎ ይታይ ነበር። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፣ በመስከረም 1993 ዓ.ም. ደግሞ በሲድኒ የ10 ሺህ ሜትር የወርቅ ሜዳልያ አገኘ። በሲድኒ ከኬንያዊው ከፖል ቴርጋት ጋር የነበረው ልዩነት የአንድ ሴኮንድ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ታዲያ ልብ በሉ፤ ኃይሌን የጠቀመው ሩጫው ነው እንጂ ሸክም አይደለም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል። የሰባት ዓመት ልጅ ራሷ ከዚያ ብዙም አትበልጥም። እንግዲህ በጀርባዋ ላይ ሌላ ልጅ ጫንባት ማለት ነው። ይህ ወገብ ያጎብጣል፤ ስፖርት አይባልም።

ሩጫና ዝላይ የሚሠሩት ሥራ ሌላ ነው። ልጅ ሲዘል፣ ሲሮጥ፣ ዞር ብሎ ሲመለስ አጥንቱ ይነቃነቃል፤ በዚያም ምክንያት እየወፈረና እየጠነከረ ይሄዳል። አጥንትን እንደ ጎተራ አድርጋችሁ ተመልከቱት። ጎተራው የሚሞላው በልጅነትና በጉርምስና ነው፤ ከሃያዎቹ ዕድሜ በኋላ የሚጨመርበት ጥቂት ነው። በእርጅና ጊዜ የምንበላው ያኔ ያስገባነውን ነው። አሮጊት እናት ደጃፍ ላይ አዳልጧት ወድቃ ዳሌዋ ሲሰበር አዝነን እናያለን፤ የመከራው መነሻ ግን ሩቅ ሊሆን ይችላል፤ በልጅነቷ ጎተራው ሳይሞላ ቀርቶ ይሆናል።

ልብም ሥጋ ነው፤ ጡንቻ ነው። ያልሠራ ክንድ እንደሚሰልል ያልሠራ ልብም ይደክማል። ስፖርት የለመደ ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም ስለሚረጭ፣ ባለቤቱ ዐርፎ ሲቀመጥ ቀስ ብሎ ይመታል፤ አቀበት ሲወጣም ቶሎ አያለከልክም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ያህል ላብ የሚያወጣ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል ይላል። አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ይህን ያህል ጊዜ ለስልክ አንነፍገውም። ድሮ በብስክሌት የምትታወቀው ከተማችን እንኳ ዛሬ ሦስት መቶ ሜትር ለመሄድ ባጃጅ የሚጠራ ወጣት ሞልቶባታል!

ስፖርት ስንል ታዲያ የግድ ማልያና መረብ ያለው ብቻ አይደለም። ሰኞ ማክሰኞ፣ ገመድ ዝላይ፣ ድብብቆሽ፣ ትግል፣ ሁሉም ስፖርት ነው። የገና ጨዋታችን ዱላና ሩር ብቻ የሚፈልግ፣ ሩጫና ብልሃት ያለበት ትልቅ ስፖርት ነው። በገና ዕለት ጌታና ሎሌ እኩል ይጋፉ እንደነበር፣ ጌታው ቢመታም እንደማይቆጣ አባቶቻችን ያስታውሳሉ። ልጅ በሜዳ ላይ የሚማረው አንዱ ነገር ይኸው ነው። የሀብታሙም የድኻውም ልጅ ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ እኩል ይቆማሉ። መሸነፍንም ይማራል። ተሸንፎ አልቅሶ በማግስቱ ተመልሶ የሚመጣ ልጅ ፈተና ሲወድቅም ተመልሶ ያነባል ብለን እናምናለን።

ከደብተሩ ያርቀዋል ለሚለውም እንዲህ እንላለን። ማታ ማታ ከእኛ ዘንድ ፊደል የሚቆጥሩት ወጣቶች መጀመሪያ ያለ ቀስቃሽ የጻፉት ምን ነበር? የቡድናቸውን ስም ዝርዝርና የግብ ቁጥር ነው። ሜዳውን በእርምጃ ለክተው በሜትር ማስላት የጀመሩትም ለኳሱ ሲሉ ነው።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር እንዳታዩብን እንፈራለን። «ልጆቻችሁን ሁሉ ሻምፒዮን እናደርጋለን» እያልን አይደለም። በአርሲ ውስጥ በቆጂ የምትባል ከተማ አለች። ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር በዚያች ከተማ ልጆችን ሰብስበው ያስሮጡ ነበር። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ በእጃቸው አልፈዋል። ቀነኒሳና ጥሩነሽ በ2000 ዓ.ም. በቤይጂንግ ኦሎምፒክ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ወርቅ አመጡ። ይህ ሁሉ የተጀመረው በአንድ መምህርና በአንድ ሜዳ ነው። ነገር ግን ከእነዚህ ጋር አብረው የሮጡ፣ ስማቸው ያልተጠራ ስንት ልጆች ነበሩ! እነሱም ሮጠዋል፤ ሳንባቸውና እግራቸው የራሳቸው ሆኖ ቀርቷል። የኛ ዐይን በእነዚያ ላይ ነው።

ደግሞም ልጅን ያለ ዕድሜው ማስጨነቅ ጉዳት አለው። አበበ ቢቂላን ተመልከቱ። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲያሸንፍ ዕድሜው 28 ነበር። በማራቶን ሥልጠና የተያዘው ክቡር ዘበኛ ከገባ በኋላ፣ ጎልማሳ ሆኖ ነው። ስለዚህ የስምንት ዓመት ልጅ ይጫወት፤ ዛሬ ኳስ፣ ነገ ሩጫ፣ ከነገ ወዲያ ገመድ። ጉልበቱን አመመኝ ሲል «ወንድ አይደለህም ወይ!» አትበሉት፤ ይረፍ።

አበበን ካነሣን አይቀር ሌላም አለ። በ1961 ዓ.ም. የመኪና አደጋ ደርሶበት ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ሩጫ በቃ። እሱ ግን በቃኝ አላለም። በጎማ ወንበር ተቀምጦ በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንድቪል ውድድር ቀስት ወረወረ፤ በኖርዌይም በበረዶ ላይ የመንሸራተቻ ውድድር አሸነፈ። በየጓዳው እግሩ ያልጸና፣ ዐይኑ የማያይ ልጅ ያላችሁ ወላጆች አላችሁ። ምን ያፍራል? ያ ልጅ ወደ ሜዳው ይውጣ። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ይባል የለ?

ወደ ሴቶች ልጆች እንምጣ፤ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነውና። ሴት ልጅ እስከ 11 ዓመቷ ድረስ ከወንድሟ ጋር ስትሮጥ ትታያለች። ከዚያ ድንገት ትጠፋለች። «አድጋለች፣ ነውር ነው» ተብላ ከቤት ትውላለች። እንግዲህ የሴት ልጅ አጥንት እጅግ ፈጥኖ የሚጎለብተው መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ? በ12 እና በ13 ዓመት ገደማ ነው። ጎተራው አፉን ከፍቶ እህል በሚለምንበት ወቅት እኛ በሩን እንዘጋበታለን። የወር አበባ ላይ ያለች ልጅ ብትሮጥ ትጎዳለች የሚባለውም እውነት አይደለም፤ ካላመማት በቀር መጫወት ትችላለች። ደራርቱ ቱሉ ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ፣ በኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆናለች። እሷም አንዲት የገጠር ልጅ ነበረች።

አንዲት እናት፣ «ልጆቼ፣ የምፈራው ሜዳውን መሰላችሁ? መንገዱን ነው» ብለውናል። ሲሰድቧትስ፣ ሲከተሏትስ? እናታችን ትክክል ናቸው። ይህን «ፍርሃት ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ስለዚህ ሴቶቹ ብቻቸውን ሳይሆን በቡድን ይሂዱ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመለሱ፤ ሜዳው ዳርም እናቶች ተራ ገብተው ይቀመጡ። ጥጥ እየፈተሉም ቡና እያፈሉም ቢሆን ይቻላል። ወንዶች ወጣቶች ሆይ፣ የምትሳደቡት እናንተ ናችሁና ይህን ለእናቶች ብቻ አትተዉት።

ስለ ውኃም ሳንናገር አንነሣም። የጣና ዳር ልጅ ዋና አይማር ማለት የደጋ ልጅ ዳገት አይውጣ እንደ ማለት ነው። ዋና መላ ሰውነትን ያሠራል፤ ታንኳ የተገለበጠበት ሰው ነፍሱን የሚያተርፈውም በእሱ ነው። ሆኖም ሐይቁ ሦስት ነገሮች አሉበት። አንዱ መስጠም ነው፤ ስለዚህ የሚችል ትልቅ ሰው ሳይኖር ልጅ አይግባ። ሁለተኛው ጉማሬ ነው፤ ጉማሬ በሚታይበት አካባቢ መዋኘት ድፍረት ሳይሆን ሞኝነት ነው። ሦስተኛው ቢልሃርዚያ ነው፤ ይህ ስለማይታይ ይብሳል። በሽታው ያለበት ሰው ውኃ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ወደ ውኃው ይገባል። ተፈልፍሎ በትንንሽ ቀንድ አውጣ ሆድ ያድጋል፤ ከዚያም ወጥቶ የሚዋኘውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ሆድ ያማል፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል፣ ሲቆይ ጉበትን ይጎዳል፤ ልጁንም ያደክመዋል። ቀንድ አውጣው የሚወደው ሣርና ደንገል የበዛበትን፣ የማይንቀሳቀሰውን ጥልቀት የሌለው ዳር ነው፤ ትሉም በብዛት የሚወጣው ፀሐይ በበረታችበት በእኩለ ቀን ነው። እንዲህ ባለ ቦታና ሰዓት ልጅ አይንቦራጨቅ። የዋኘ ልጅ ሆዱን ካመመው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ፕራዚኳንቴል የሚባል ፍቱን መድኃኒት አለ። ከሁሉም በፊት ግን መጸዳጃ ቤት ይቆፈር፤ ውኃው ዳር አንጸዳዳ። እኛው በክለን እኛው ልጁን «አትዋኝ» ብንለው ምን ፍርድ ይሆናል?

የቀረው ሜዳው ነው። ከተማ ሲሰፋ ባዶ ቦታ ሁሉ አጥር ይበቅልበታል። ዛሬ ልጆቹ የሚጫወቱበት መሬት ነገ ድንጋይ ሊከመርበት ይችላልና፣ ሽማግሌዎች ተሰብስባችሁ «ይህ የልጆች ነው» ብላችሁ በጽሑፍ አመልክቱ። ማመልከቻውን የሚጽፉ ከማታ ተማሪዎቻችን መካከል አሉ፤ እናንተም መፈረም ተምራችኋል፤ ከእንግዲህ አውራ ጣት ቀለም አይነክርም።

እስከዚያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት እንጀምራለን። ድንጋዩን የሚለቅሙ ወጣቶች አንድ ሰዓት ቀድመው ይምጡ። ሁለት ረዘም ያሉ ገመዶች ያስፈልጉናል፤ አንዱ ለዝላይ፣ ሌላው በሁለት ዛፎች መካከል ተወጥሮ ለሴቶቹ የመረብ ኳስ ይሆናል። አሮጌ ካልሲና ቁራጭ ጨርቅ ያለው ይዞ ይምጣ፤ ኳሱን እዚያው እንሰፋለን። አንድ እንስራ የፈላ፣ የቀዘቀዘ ውኃ የሚያመጣ ማን ነው? እጃችሁን አውጡ።