የቪዲዮ ጨዋታ አስቸጋሪነት፤ በሙያና በንግድ መካከል

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ መድረክ ላይ ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብና ስለ መንገድ ብዙ ቁም ነገር ሲነገር ሰምተናል። እኔ ዛሬ ስለ ጨዋታ ልናገር መነሣቴ የሚያስገርማችሁ እንደምትኖሩ አልጠራጠርም። ሆኖም ጉዳዩ ከሙያችን የራቀ አይደለም። ሁለት ሰዎች ገበጣ ለመጫወት ፊት ለፊት ሲቀመጡ የጨዋታው ክብደት የሚመነጨው ከባላጋራው ብልሃት ነው። በቪዲዮ ጨዋታ ግን ባላጋራው ብዙውን ጊዜ መኪና ስለሆነ ጨዋታው ምን ያህል እንደሚከብድ አስቀድሞ የሚወስነው ነዳፊው ነው። ስለሆነም አስቸጋሪነት እንደ ደረጃ ከፍታ ተለክቶ የሚሠራ ሥራ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ተጫዋች፣ በሙያዬም መሐንዲስ እንደመሆኔ፣ ይህ ሥራ መቼ በቅንነት፣ መቼስ በተንኮል እንደሚሠራ የታዘብሁትን ላካፍላችሁ እወዳለሁ። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1978 ጃፓናዊው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ታይቶ ለተባለው ኩባንያ «ስፔስ ኢንቬደርስ» የተሰኘውን ጨዋታ ሠራ። በስክሪኑ ላይ 55 ወራሪዎች ተሰልፈው ይወርዳሉ። የዚያን ጊዜው ማይክሮፕሮሰሰር ሁሉንም በፍጥነት ለመሣል አቅም ስላነሰው በመጀመሪያ ይንቀራፈፋሉ፤ ተመትተው ቁጥራቸው ሲቀንስ ግን የመኪናው ሸክም ስለሚቀል የቀሩት እየፈጠኑ ይሄዳሉ። ኒሺካዶ ይህን ድክመት አይቶ ከማረም ይልቅ ጨዋታውን የሚያጣፍጥ ስልት አደረገው። ይሁን እንጂ የዚያ ዘመን መጫወቻዎች በሳንቲም የሚሠሩ ነበሩ። ተጫዋቹ ቶሎ ካልተሸነፈ ባለንብረቱ አይጠቀምም። በመሆኑም አስቸጋሪነት ገና ከጅምሩ ለሁለት ጌቶች፣ ለጥበብና ለንግድ፣ ያደረ ነበር።

ጨዋታ ወደ ቤት ገብቶ ዋጋው በአንድ ጊዜ የሚከፈል ሲሆን የሳንቲሙ ምክንያት ቀረ፤ ክብደቱ ግን በብዙዎቹ ዘንድ እንደ ሙያ ቀጠለ። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ በ1911 ሳይሆን በእኛው ዘመን፣ በ2011፣ ፍሮምሶፍትዌር የተባለው ኩባንያ ያወጣው «ዳርክ ሶልስ» ነው። ጨዋታው እጅግ ከባድ ነው፤ ነገር ግን ጠላቱ ከመሰንዘሩ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ያሳያል። የተሸነፈ ተጫዋች የት እንደ ተሳሳተ ያውቃል፤ ዐውቆም ይመለሳል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ በአንድ በር ላይ ዘጠኝ ሌሊት ተመላልሼ በዐሥረኛው ባለፍሁ ጊዜ የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ይኸው ደስታ ግን ትዕቢትን አስተማረኝ። ታናሽ ወንድሜ ግራ እጁ ከልጅነቱ ጀምሮ ደካማ ነው። «ምናለ ማቅለያ ቢኖረው» ቢለኝ «ካልቻልህ ተወው» አልሁት። ተወውም፤ ከዚያ በኋላ አብሮኝ ለመጫወት አልተቀመጠም። ዓመታት አልፈው በሥራ ቦታ የቀኝ እጄ አውራ ጣት ተሰብሮ ለወራት ሳልታዘዝለት ስቀር ያ ቃል ወደ ራሴ ተመለሰ።

በዚያ ወራት ያገኘሁት በ2018 የወጣውን «ሴሌስት» የተባለ ተራራ የመውጣት ጨዋታ ነው። እርሱም ከባድ ነው፤ ነገር ግን ለሚያስፈልገው ሰው የጨዋታውን ፍጥነት እስከ ግማሽ ድረስ የሚቀንስ እገዛ አለው። በ2019 «ሴኪሮ» የተባለው ጨዋታ ሲወጣ እንደ ተከራከሩት ሁሉ፣ እንዲህ ያለው እገዛ የደራሲውን ሐሳብ ያበላሻል የሚሉ አሉ። ሥጋታቸውን አልንቀውም፤ ጨዋታ ሁሉ ይቅለልም አልልም። ነገር ግን በሕንፃ ደረጃ አጠገብ ለተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ ስንሠራ ደረጃውን አናፈርስም። በእግሩ የሚወጣውም ሰው የሚጎድልበት ነገር የለም።

እኔን የሚያሠጋኝ ሌላ ነው፤ ይኸውም የአሳንሰር ትኬት ለመሸጥ ሲባል ደረጃውን ሆን ብሎ ማበላሸት ነው። በ2017 ኤሌክትሮኒክ አርትስ ባወጣው «ስታር ዋርስ ባትልፍሮንት 2» ውስጥ ዝነኞቹን ገጸ ባሕርያት ለማግኘት ብዙ ሰዓት መድከም ያስፈልግ ነበር፤ ተጫዋቹን የሚያጠነክሩ ካርዶች የያዙ የዕጣ ሣጥኖች ደግሞ በገንዘብ እንዲሸጡ ተዘጋጅተው ነበር። ተጫዋቾች አጥብቀው ስለ ተቃወሙ ኩባንያው ጨዋታው በይፋ በሚወጣበት ዋዜማ የገንዘቡን ሽያጭ ለጊዜው አቆመ። በ2018 ደግሞ የቤልጅግ የቁማር ኮሚሽን በሌሎች ሦስት ጨዋታዎች ውስጥ የነበሩት የዕጣ ሣጥኖች ሕገ ወጥ ቁማር መሆናቸውን አስታወቀ። የጥንቱ ሳንቲም በሌላ ልብስ ተመልሶ መጥቷል ማለት ነው። የጥንቱ ግን ቢያንስ መጉረሻው ፊት ለፊት ይታይ ነበር።

ስለዚህ የማቀርበው መለኪያ አጭር ነው። ነዳፊው አንድን ነገር ሲያከብድ «ይህ ክብደት ለተጫዋቹ ምን ያስተምረዋል? ወይስ ምን ያስከፍለዋል?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። እኛም ለሕዝብ የምንሠራውን ሁሉ በዚሁ መለኪያ ብንመረምረው የምንጎዳ አይመስለኝም።

ወንድሜን ይቅርታ ጠይቄው ባለፈው ዓመት ያንን ተራራ እየተቀባበልን ጫፉ ላይ ደረስን። ፍጥነቱ በመቶ 70 ነበር። ላባችን ግን አልቀነሰም።