የኩረጃ ዕዳና ከፋዩ



በደቡብ አዲስ አበባ፣ በሀይሌ ጋርመንት አካባቢ የሚኖር ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ስንት የማያውቀውን ሰው እንደሚያምን ቢቆጠር ያስደንቃል። የሚያድርበትን ፎቅ የነደፈውን መሐንዲስ አያውቀውም፤ መድኃኒት የሰጠውን ፋርማሲስት ዕውቀት አይመረምርም፤ ቁጠባውን የሚመዘግበውን የሒሳብ ባለሙያ አይፈትንም። ሁሉንም የሚያምነው በዲግሪያቸው ነው። ዲግሪ እንግዲህ ለባለቤቱ የተሰጠ ጌጥ ብቻ ሳይሆን ዩኒቨርሲቲው ለሕዝብ የገባው የዋስትና ቃል ነው። የኩረጃም ጥፋት መመዘን የሚገባው በዚህ ሚዛን ነው።

ኩረጃን የተማሪና የመምህር ድብብቆሽ አድርጎ መመልከት ተለምዷል። ተማሪው ከተያዘ ፈተናው ይሰረዝበታል፤ ጥፋቱ ከከፋም ከትምህርት ገበታው ይሰናበታል። ካልተያዘ ግን ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ሆኖም አላለቀም፤ ያልተያዘ ኩረጃ ዕዳ ነውና። ዕዳውን የሚከፍለውም ብዙውን ጊዜ ያልኮረጀው ነው።

ለዚህ ምስክሩ ቅርብ ነው። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ በማኅበራዊ መገናኛ ስለተሰራጨ ፈተናው ተሰርዞ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ሌሊቱን ሲያጠና የከረመው ተማሪ፣ መልሱን ከሰረቀው ጋር እኩል ሌላ ፈተና መጠበቅ ግድ ሆነበት። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የፈተና ስርቆትን ለመከላከል ሲባል ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፤ ከፈተናው ጋር አንዳች ግንኙነት የሌለው ሰው ሥራው ተስተጓጎለበት።

በ2015 ዓ.ም. ፈተናው ኩረጃን ለመግታት በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ሲሰጥ፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ይህ ማለት የቀሩት ሁሉ ኮራጆች ነበሩ ማለት አይደለም፤ የትምህርቱን ድክመት ሸፍኖ የቆየው መጋረጃ መነሣቱን ግን ያመለክታል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የመጀመሪያ ዲግሪ ዕጩዎች የመውጫ ፈተና ሲቀመጡ፣ ከ150 ሺህ ገደማ ተፈታኞች ያለፉት 40.65 በመቶ ነበሩ። በላቡ የተማረውም ሳይቀር፣ የዩኒቨርሲቲው ቃል ብቻውን አልበቃ ስላለ፣ ዳግመኛ መመዘን ግዴታው ሆነ።

መድኃኒቱ ከሩቅ አገር የሚመጣ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም በጆሮው ሰምቶ ያርመዋል፤ ምሥጢሩንና አገባቡን ይጠይቀዋል። ባለቅኔው በጉባኤ ቆሞ አዲስ ቅኔ ሲያፈልቅ «ዘረፈ» ይባላል። የሚዘርፈው ግን ከገዛ አእምሮው እንጂ ከባልንጀራው አይደለም፤ የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ በገንዘብ በሚጻፍበት፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም በደቂቃ ውስጥ ገጽ በሚሞላበት በአሁኑ ጊዜ ይህ ሥርዓት ትልቅ ትምህርት ይሰጣል፤ ይኸውም ከወረቀቱ አስቀድሞ ሰውየውን መጠየቅ ነው።

ስለዚህ የዚህ ማኅበር አባል መምህር ቢሆን ያላነበበውን ጽሑፍ በፊርማው አያጸድቅ፤ ተማሪውንም በጻፈው ላይ ፊት ለፊት ይጠይቀው። ፈታኝ ቢሆን በርኅራኄ ስም ዓይኑን አይጨፍን፤ ለአንዱ ያዘነ የመሰለው በሌላው ላይ ይፈርዳልና። ቀጣሪ ቢሆን የማስረጃውን እውነተኛነት ካወጣው ተቋም ያረጋግጥ፤ ሙያውንም በሥራ ይፈትን። ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈጃል፤ ድካምም አለው። ይሁን እንጂ ድካሙን የሙያው ባለቤቶች ካልተሸከሙት፣ ዕዳው የሚወርደው መመርመር በማይችለው ነዋሪ፣ በበሽተኛውና በቆጣቢው ላይ ነው።