የሰነድ መቀመጫ፤ ከሶፍትዌር ጋር ስለሚመጡ የመመሪያ ጽሑፎች የተደረገ ንግግር



ስለ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ስንነጋገር ዘወትር የምናነሣው የሚሠራውን ሥራ ነው። አብሮት ስለሚመጣው መመሪያ፣ ስለ ፈቃዱ ጽሑፍና ስለ ለውጦቹ መዝገብ ግን እምብዛም አንጨነቅም። ዛሬ የምናገረው ስለ እነዚህ ጽሑፎች መቀመጫ ነው። ሐሳቤም ባጭሩ ይህ ነው፤ መቀመጫው ያልታወቀ ሰነድ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

የዩኒክስ የመጀመሪያው መመሪያ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1971 ሲወጣ ትእዛዞቹ በአንድ ክፍል፣ የስርዓት ጥሪዎቹ በሌላ ክፍል ተለይተው ነበር። በዚህ ልማድ የመመሪያ ገጾች ቋሚ ቤት አገኙ። ከእነርሱ ውጭ ያሉት ሰነዶች ግን ለረዥም ጊዜ እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠማቸውም። ለሊኑክስ የፋይል አቀማመጥ ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ደንቡ በ1997 ተሻሽሎ ሲወጣ፣ በማናቸውም ዓይነት ማሽን ላይ ሊነበቡ የሚችሉና የማይለዋወጡ ፋይሎች «ዩኤስአር/ሼር» በተባለው ማኅደር ሥር እንዲሰበሰቡ አደረገ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ አንድ ቅጂ በኔትወርክ አማካይነት ብዙ ማሽኖችን ሊያገለግል ይችላል።

ደንብ ማውጣት ቀላል ነው፤ ቤት መለወጥ ግን አድካሚ ነው። የደቢያን ስርዓት ሰነዶቹን ከ«ዩኤስአር/ዶክ» ወደ «ዩኤስአር/ሼር/ዶክ» ለማዛወር ሲነሣ፣ ጥቅሎቹ በሺሕ የሚቆጠሩ፣ ተንከባካቢዎቻቸውም በየአገሩ የተበተኑ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ሁሉም በአንድ ቀን ሊዛወሩ አይችሉም፤ ተጠቃሚው ደግሞ በሁለት ቦታ ሊፈልግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የቴክኒክ ኮሚቴው የሰጠው መፍትሔ፣ እያንዳንዱ ጥቅል ሰነዱን ወደ አዲሱ ቦታ ወስዶ በአሮጌው ቦታ አዲሱን የሚያመለክት ማያያዣ እንዲተው ነበር። ዝውውሩ ዓመታት ፈጀ፤ አንባቢው ግን በመካከሉ መንገድ አልጠፋበትም።

በዛሬው የደቢያን ደንብ እያንዳንዱ ጥቅል በስሙ የተሰየመ ማኅደር አለው፤ የባለቤትነት መብትና የፈቃድ ጽሑፉም በዚያ መገኘት ግዴታ ነው። ማናቸውም ፕሮግራም ግን ለመሥራት በእነዚህ ሰነዶች ላይ መመካት አይፈቀድለትም፤ የስርዓቱ አስተዳዳሪ ሊያስወግዳቸው ይችላልና። ይህንንም ለማድረግ መሣሪያ አለው። ዲፒኬጂ የተባለው ጫኝ የተመረጡ ማኅደሮችን ሳይጭን እንዲያልፍ በማዋቀሪያ ፋይሉ ሊታዘዝ ይችላል፤ አርፒኤምም ሰነድ ተብለው ምልክት የተደረገባቸውን ፋይሎች እንዲተው ይታዘዛል። «ስሊም» የሚባሉት የደቢያን የኮንቴይነር ምስሎች የመመሪያ ገጾቹንና ሰነዶቹን አስወግደው የፈቃዱን ጽሑፍ ብቻ ያስቀራሉ።

የእኛ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ያላወቁት አገር አይናፍቅም እንደሚባለው፣ ያልተጫነ ሰነድ ችግር እስኪመጣ ድረስ አይናፍቅም። በአገራችን በ2012 ዓ.ም. ከሰኔ ማለቂያ ጀምሮ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ለአስተዳዳሪው የሚቀርበው መመሪያ በዲስኩ ላይ ያለው ብቻ ነው። በዲስኩ ላይ ያለው ሰነድ ሌላም ብልጫ አለው፤ ከኢንተርኔት እንደሚገኘው ሳይሆን፣ የሚናገረው ስለ ተጫነው እትም ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ለጥቂት ቦታ ቁጠባ ሰነድ የሚያስወግድ መሥሪያ ቤት፣ ሙሉ ሰነድ የያዘ አንድ ማሽን በተመሳሳይ እትም ያኑር። ሁለተኛ፣ የራሳችንን ጥቅል ስናዘጋጅ ሰነዱን በደንቡ ቦታ እናስቀምጥ። ሦስተኛ፣ ደንቡ ለመመሪያ ገጾች በየቋንቋው ንዑስ ማኅደር ፈቅዷል፤ ለአማርኛም «ኤኤም» የሚለው የቋንቋ መለያ አለ። መቀመጫው ተለይቶ ተሰጥቶናል፤ የቀረው ጽሑፉ ነው፤ እርሱም የእኛ ድርሻ ነው።