ከሥራ ቅነሳው የተማርኩት

ሰብሳቢያችን «በሥራሽ ያጋጠመሽን ነገር ለእህቶችሽ ንገሪያቸው» ስትለኝ ወዲያው የታወሰኝ በ2013 ዓ.ም. የሆነው ነው።

ያኔ በአንድ አስመጪ ድርጅት በሂሳብ ሠራተኝነት ስድስት ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ሥራዬ የጥቃቅን ወጪ ደረሰኞችን መመዝገብና በወር መጨረሻ የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ ነው። ከዚያ ያለፈውን አላውቅም፤ እውነቱን ለመናገር ለማወቅም አልጣርኩም። ዲፕሎማዬ የሚያደርሰኝ እዚህ ድረስ ነው ብዬ ተቀምጬ ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት ድርጅቱ በውጭ ምንዛሪ እጥረት ዕቃ ማስገባት እንዳቃተውና ከ41 ሠራተኞች 12ቱ እንደሚቀነሱ ተነገረን። በዚያው ሳምንት የሂሳብ ኃላፊያችን ሌላ ሥራ አግኝቶ ለቀቀ። እኔ ከተረፉት መካከል ነበርኩ። ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ «የተሰናባቾቹን ክፍያ አንቺ ጨርሺው» አለኝ።

ያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። አንደኛ፣ ሥራውን አላውቀውም። ሁለተኛ፣ ዝርዝሩ ላይ ያሉት አብሬያቸው ቡና የምጠጣ ሰዎች ናቸው። አንዷ የጽዳት ሠራተኛችን ነበረች፤ ዘጠኝ ዓመት አገልግላለች፣ ደመወዟ 3,000 ብር ነው።

ኃላፊው ጀምሮት በሄደው ሠንጠረዥ ላይ ለእርሷ የተያዘው 11,000 ብር ነበር። እኔ ግን ሳላውቅ መፈረም ስለፈራሁ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ገዝቼ አንቀጽ 40ን ደጋግሜ አነበብኩ። የሥራ ስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ ለእርሷ 3,000 ብር። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚህ ሲሶ ይጨመራል፤ በስምንት ዓመት 8,000 ብር። እስከዚህ ሠንጠረዡ ልክ ነው። ነገር ግን በቅነሳ ለሚሰናበት ሠራተኛ በዚህ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል ይላል። ይህ ለማንም አልተያዘም ነበር። ለእርሷ ብቻ 6,000 ብር ጎድሏል።

አዋጁን ይዤ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ስገባ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። «የሚቀጥለው ስም የእኔ ቢሆንስ?» እያልኩ ነው የገባሁት። አንብቦ ዝም አለ፤ «ጠበቃችንን ልጠይቅ» አለኝ። ከሁለት ቀን በኋላ «ልክ ነሽ፤ ለሁሉም አስተካክይው» አለኝ። 12ቱም ሙሉውን ተከፈላቸው።

ከዚያ ወዲህ ፔሮሉ፣ የጡረታ መዋጮው፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ ማሳወቁ ሁሉ እኔ ላይ ወደቀ። አመሻሽቼ እየሠራሁ፣ እየጠየቅሁ፣ እየተሳሳትኩና እያረምኩ የሰኔ 30ን ሂሳብ ዘጋሁ። ደመወዜ ግን ያው የድሮው ነበር። አሥር ወር ቆይቼ የምሠራውን ሁሉ በአንድ ገጽ ዘርዝሬ የደረጃና የደመወዝ ማስተካከያ በጽሑፍ ጠየቅሁ። ሁለት ጊዜ «ታገሺ» ተባልኩ። በሦስተኛው የሲኒየር አካውንታንትነት ደብዳቤ ተሰጠኝ።

ካልደፈረሰ አይጠራም ይባላል። እኔ ግን ይህን ስናገር እጠነቀቃለሁ፤ ለእኔ ሲጠራ ሥራቸውን ላጡት እንደደፈረሰ የቀረ ነው። ስለዚህ ችግር መልካም ነው አልላችሁም። የምለው፣ ግርግር ሲመጣ ሰውን የሚያድነው አስቀድሞ የሚያውቀው ነገር ነው። እኔ ስድስት ዓመት ከኃላፊው አጠገብ ተቀምጬ አንድ ቀን እንኳ «ይህ እንዴት ይሠራል?» ብዬ አልጠየቅሁትም። ጠይቄ ቢሆን ያን ማታ አላለቅስም ነበር።

በማኅበራችንም የቁጠባና የብድር መዝገቡን በደንብ የምታውቀው አንዲት እህታችን ብቻ ናት። እርሷ ብትታመም ወይም አገር ብትለቅ ምን እናደርጋለን? ስለዚህ ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ መዝገቡን መማር ለሚፈልጉ ሁለት እህቶች ከእርሷ ጋር ሆኜ ለማስተማር ዝግጁ ነኝ። ዲፕሎማ አይጠየቅም፤ መደመርና መቀነስ ይበቃል። ስማችሁን ዛሬ ከመውጣታችሁ በፊት ስጡኝ።